ከባሕር ዳር እንጅባራ በብስክሌት፦ ሜዳ የሚመስለው ዳገት

ከባሕር ዳር እንጅባራ 118 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እንጅባራ ከ2,500 ትበልጣለች። ልዩነቱን ለመንገዱ ርዝመት ብታካፍሉት በአንድ ኪሎ ሜትር ስድስት ሰባት ሜትር መውጣት ቢሆን ነው። ይሄ ደግሞ ወረቀት ላይ ዳገት አይባልም። የቅዳሜና እሁዱ የጋራ ብስክሌት ጉዟችን ሲነገር ብዙ ሰው «ቀላል ነው» ብሎ የተመዘገበው በዚህ ስሌት ይመስለኛል።

ስሌቱ ልክ ነው። እግር ግን በአማካይ አይሠራም። መንገዱ ከመራዊ በኋላ ትንሽ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ጋደም ይላል፣ ደግሞ ይወጣል። የሚወጣው ሁልጊዜ ከሚወርደው በጥቂቱ ይበልጣል። እዚህ ጋ ነው ዐይን የሚያታልለው። ፊት ለፊት የሚታየው ሜዳ ነው፣ ፍጥነቱ ግን ይቀንሳል። ሰው ይሄኔ «ምን ሆንኩ?» ይልና ፔዳሉን ይረግጣል። ከተማውን ሳይወጡ የበረሩ ጎበዞች ዱርቤቴ ላይ ዛፍ ጥላ ስር ተኝተው ያገኘናቸው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ ዘዴ አድርጌ የያዝኩት ወንዙን ነው። ወተት አባይ ላይ ድልድዩን ስትሻገሩ ከታች የሚሄደው ግልገል አባይ ነው። ከሰከላ፣ ከግሽ አባይ ተነስቶ ወደ ጣና ይወርዳል። እኛ ጣናን በስተኋላ ትተን ወንዙ ወደመጣበት ነው የምንሄደው። ዐይን ሜዳ ነው ቢልም ውኃ አይዋሽም። ከዚያ ድልድይ በኋላ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ማየት ትቼ ትንፋሼን ብቻ መከታተል ያዝኩ።

ስለ አዘጋጁ ትንሽ ልበል። ጉዞውን ያሰናዱት እዚሁ ባሕር ዳር ያሉ ብስክሌት ወዳጆች ናቸው። ቅዳሜ ሄዶ እንጅባራ ማደር፣ እሁድ መመለስ። አንደኛ ሁለተኛ የሚባል ነገር የለም። ሄልሜት የሌለው አይሄድም። ትርፍ ካላማዳሪያና መንፊያ በየራሳችን። ከኋላ ውኃና የደከመ ሰው የሚጭን ፒክአፕ ይከተላል። ማረፊያዎቹ መራዊ፣ ዱርቤቴ፣ ዳንግላና አዲስ ቅዳም ናቸው። ክፍያውም ለነዳጅና ለምሳ የሚሆን መዋጮ ብቻ ነው። ለጀማሪ እንዲህ ያለ ጉዞ ከውድድር ይሻላል ባይ ነኝ። ውድድር ላይ የሚያስተምርህ ሰው ሁሉ ጥሎህ ሄዷል።

ልምምዱን የጀመርኩት ክረምቱ ረገብ ሲል ነው። ባሕር ዳር ብስክሌት የለመደች ከተማ ናት፣ ግን ለጥ ያለች ሜዳ ናት። ከተማ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ብትነዱ ለዚህ መንገድ አትዘጋጁም። መጀመሪያ ቤዛዊት ላይ መውጣት መውረድ ያዝኩ። ቤተ መንግሥቱ ድረስ ያለው ዳገት አጭርና ቁጡ ነው። እግር ያጠነክራል፣ ላብ ያስወጣል፣ ሰውም ያደንቃል። ለእንጅባራ መንገድ ግን ያን ያህል አልጠቀመኝም። የጠቀመኝ ማለዳ ተነስቶ መራዊ ደርሶ መመለሱ ነው፤ ሳይቆሙ፣ ሳይቸኩሉ፣ እያወሩ። ወሬ ሲቆራረጥ ፍጥነት መቀነስ። ለእኔ ከልብ ምት መቁጠሪያ ሰዓት ይሄ በልጦብኛል። ሰዓቱም የለኝም።

ብስክሌቴ ቀጭን ጎማ ያላት፣ ሁለተኛ እጅ የተገዛች አሮጌ ናት። የፊት ትንሹ ማርሽ 39 ጥርስ፣ የኋላ ትልቁ 28። ለዚህ መንገድ በቂ ነው። አብዛኛው ሰው የመጣው በወፍራም ጎማ የተራራ ብስክሌት ነው፣ እነሱም በደህና ገብተዋል። አንድ ነገር ግን አስታውሱ። የወፍራም ጎማ ካላማዳሪያ በየከተማው ታገኛላችሁ። ቀጭን ጎማ የምትነዱ ግን ዳንግላ ወይም እንጅባራ ላይ አገኛለሁ ብላችሁ አትውጡ። ጎሚስታው ይለጥፍላችኋል፣ በሚገባ ይለጥፋል፤ የሌለውን ግን ሊሸጥላችሁ አይችልም።

የተነሳነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጥቅምት ነው፣ ብርዱ ይቆነጥጣል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም። ከከተማ እስክንወጣ ባጃጅና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ነው። ከዚያ መንገዱ ይከፈታል። የኑግ አበባ በየማሳው ቢጫ ሆኗል። መራዊ አካባቢ በቆሎው ደርሷል። ቆጋ ግድብ ያለው እዚያው ሜጫ ነው። 7,000 ሄክታር እንዲያለማ ነው የተሠራው። ለብስክሌተኛ ግን ያ ሁሉ ገላጣ መሬት ማለት ንፋስ ማለት ነው።

ንፋስን በተመለከተ ከሁሉም በላይ የተማርኩት ከአንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ብስክሌታቸው ከእኔም ታረጃለች። መራዊ ሳንደርስ ከጎኔ መጡና «ልጄ፣ ይሄን ንፋስ ብቻህን ልትጨርሰው ነው?» አሉኝ። ከዚያ ከፊታቸው ካለው ልጅ ኋላ አስገቡኝ። ከፊት ያለው ንፋሱን ሲሰነጥቀው ከኋላ ያለው እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ይቆጥባል። ማንበብ ሌላ ነው፣ እግር ላይ ሲሰማ ሌላ ነው። ድንገት በር የተዘጋ ያህል ጸጥ ይላል።

ፈራሁ። በፊተኛው ጎማና በእኔ ጎማ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። እሳቸው ደግሞ «ጎማውን አትይ፣ ትከሻውን እይ» ይላሉ። እውነት ነው። ጎማ ላይ ካፈጠጡ የሚሆነውን የሚያዩት ከሆነ በኋላ ነው። ትከሻ ግን አስቀድሞ ይናገራል። ፍሬን ሊይዝ ሲል ይነሳል፣ ሊታጠፍ ሲል ያዘነብላል። ከፊት ያለው ደግሞ ኃላፊነት አለበት፤ ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ያሳያል፣ ይጮኻል። «ጉድጓድ!» «አህያ!» «መኪና ከኋላ!» እያለ መልእክቱ እስከ መጨረሻው ሰው ይተላለፋል። አንዱ ቀልደኛ «ቆንጆ!» ብሎ ጮኾ ሰልፉን ሊያጋጨው ነበር። ጋሼ አልሳቁም።

ተራው በየጥቂት ደቂቃው ይቀየራል። መሪው ወደ ጎን ወጣ ይልና ወደ ኋላ ይመለሳል። እዚህ ላይ ጠንካራ ልጆች አንድ ክፉ አመል አላቸው። ተራቸው ሲደርስ ፍጥነት ይጨምራሉ። ሰልፉ ይበጠሳል፣ ደካማው ንፋስ ላይ ይቀራል። ጉልበት ያለው ሰው ፍጥነት ከሚጨምር ረዘም ላለ ጊዜ ከፊት ቢቆይ ለሁሉም ይበጃል። ይሄን ጉዳይ ዳንግላ ላይ ሻይ እየጠጣን ተጨቃጨቅንበት። ከዚያ በኋላ በእርግጥ ተሻሻለ።

ምግብ ላይ ብዙ አልፈላሰፍም፣ በሶ ነው። ማታውኑ በትንሽ ማር ለውሼ፣ ጨው ጣል አድርጌ፣ ጭብጦ ጭብጦ አድርጌ በፌስታል ቋጠርኩ። የቆሎ ተማሪ ከመንደር መንደር የዞረበት ስንቅ ብስክሌት ላይ የማይሠራበት ምክንያት የለም። ረጅም ጉዞ ላይ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ ይመከራል። መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ ይሰጣል። ዋናው ሳይርብ መብላት ነው። ከራበ በኋላ የተበላ እህል እግር እስኪደርስ ድረስ ዳገቱ አይጠብቅም። ለመጠጥ በአንድ ሊትር ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ይሄ ለተቅማጥ የሚመከረው የቤት ውስጥ ውሕድ ነው፤ ላብ ለጨረሰውም ይሆናል። ጣዕሙን ሎሚ ያስተካክለዋል። ቡና ግን ዳንግላ ላይ ተቀምጣችሁ ጠጡ።

ከዳንግላ ወዲያ አገሩ ይቀየራል። መንገድ ዳር የዲከረንስ ዛፍ ይበዛል። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ላይ ገበሬው ማሳው ላይ ይተክለዋል፣ ሲደርስ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፣ ከዚያ መሬቱን ያርሰዋል። ጭሱ ቀጭን ቀጭን ሆኖ በየዛፉ መካከል ይወጣል። ሲያዩት ያምራል፣ ዳገት ላይ አፍ ከፍቶ ለሚተነፍስ ግን አያምርም። ከሰል የጫነ አይሱዙም ከኋላ ይመጣል። ሲያልፍ ንፋሱ መጀመሪያ ይገፋችኋል፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ ይስባችኋል። መሪውን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው።

አዲስ ቅዳም የደረስነው እኩለ ቀን ላይ፣ ቅዳሜ፣ ገበያው ሞልቶ ነው። የከተማው ስም ራሱ እየነገረን ቅዳሜን የመረጥንበት ጉዳይ ለእኔ አሁንም አይገባኝም። ከብስክሌት ወርደን በእግር ገፋን፤ አህያ፣ በግ፣ ድንች፣ ከሰል፣ ሰው። ልጆች ሄልሜታችንን አይተው «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ይላሉ። አይፈረድባቸውም። ከካይሮ ኬፕታውን የሚሄዱት ብስክሌተኞች ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በጎጃም በኩል ሲያልፉ ኖረዋል። በአማርኛ ስንመልስላቸው ይስቃሉ። አንዲት እናት ደግሞ ድንቻቸውን እንደዘረጉ ቆም ብለው አዩንና «ልጆቼ፣ ምን አጥፍታችሁ ነው እንዲህ የሚያስለፏችሁ?» አሉን። «ለጤና ነው እማማ» አልኳቸው። «ጤናችሁስ አሁን ነው የሚጠፋ» ብለው ወደ ገበያቸው ተመለሱ።

የመጨረሻው ክፍል አጭር ነው፣ ግን የሚከብደው እሱ ነው። ከፍታው ይጨምራል፣ አየሩ ይሳሳል፣ እግር ቀድሞ ደክሟል። እዚህ ላይ ማርሽ ቀንሶ እግርን ቶሎ ቶሎ ማዞር እንጂ ቆሞ መርገጥ አያዋጣም። ጠዋት ሲበሩ የነበሩት ሦስቱ ፒክአፑ ላይ ሆነው አለፉን፣ እጃቸውንም አወዛወዙልን። ጋሼ በፔዳላቸው ገቡ፤ ማንንም አልቀደሙም፣ ማንም አልጠበቃቸውም።

እንጅባራ ማታ ብርዷ ሌላ ነው፣ ጃኬት ያዙ። ፈረስ የሚወድ አገር ስለሆነ ጉዞ የምታቅዱ ጥር 23ን ሽሹ፤ ወይም ፈረሱን ለማየት ብላችሁ ሂዱ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል የሚከበረው ያን ቀን ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም ነው። ያን ሰሞን አልጋ ፍለጋ ብስክሌት ከመንዳት ይብሳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

መመለሻው ቁልቁለት ነው፣ ሁሉም ሰው ማታ ዘና ብሎ የተኛው ለዚህ ነው። እስከ ዱርቤቴ እውነትም እንደዚያ ነበር። ከመራዊ ወዲህ ግን ከሰዓት በኋላ የጣና ንፋስ ፊት ለፊት ይመጣል። ፀሐይ የብሱን ከውኃው ቀድማ ታሞቀዋለች፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሳል፣ የሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊሞላ ወደ የብስ ይነፍሳል። እኛ ደግሞ ወደ ሐይቁ ነው የምንሄደው። ቁልቁለት ላይ ፔዳል መርገጥ እንዴት እንደሚያናድድ ያየ ያውቀዋል። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ለመሳም የዘገየነው ሁሉ ንፋሱን አገኘነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተው በጨለማ የወጡት ሁለት ልጆች ግን ንፋሱ ሳይነሳ ቤታቸው ገብተው ምሳቸውን በልተዋል።

የሚቀጥለው ሐሳቤ 200 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን ነው። ብሬቬ በሚባለው የረጅም ጉዞ ሥርዓት 200 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ተኩል ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፣ ማረፊያውም የሚታሰበው ከዚያው ነው። በሰዓት ወደ 15 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ፍጥነቱ አያስፈራም። ከባሕር ዳር አዲስ ቅዳም ደርሶ መልስ ርቀቱ ከሞላ ጎደል ይገጥማል። የእኛ አገር ቀን ግን 12 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ሙሉ ጊዜውን የተጠቀመ ሰው የተወሰነውን በጨለማ መንዳት አለበት፤ ያውም አህያና መብራት የሌለው ጋሪ ባለበት መንገድ። ስለዚህ አሁን የምፈልገው ከፊት በደንብ የሚያበራ፣ ቻርጁም ቢያንስ ሦስት ሰዓት የሚቆይ መብራት ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ያገኛችሁ፣ ከየትና በስንት እንደገዛችሁ ብትነግሩኝ። ቀኑ ቅዳሜ አይሆንም።