«ዶር» (በር) ሚለውን አንድ ቃል ይዤ እንግሊዝኛ መናገር እንዴት እንደጀመርኩ

እኛ ቤት ደሴ ሸዋ በር ነው። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሬ ተምሬያለሁ፣ ከ9ኛ በኋላማ ባዮሎጂውም ሂስትሪውም በእንግሊዝኛ ነበር፣ ግን ትምህርት ጨርሼ አንድ ፔንሲዮን ተቀጥሬ ስሰራ፣ ወደ ላሊበላ ሚያልፍ አንድ እንግዳ በሁለት እጁ ሻንጣ ይዞ ክፍሉ ፊት ለፊት ቆሞ «ኩድ ዩ ጌት ዘ ዶር?» አለኝ። እኔ «ጌት» ስሰማ የግቢ በር ሚባለው ሌላው «ጌት» መሰለኝ፣ ሮጬ ወርጄ የግቢውን በር ወለል አርጌ ከፈትኩ። ስመለስ ሰውየው ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ በሩን ራሱ ከፍቶ ገብቷል። ምንም አላለኝም። ግን ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ምክንያቱም «ጌት»ንም «ዶር»ንም አውቃቸዋለሁ እኮ! ቃል ጎድሎኝ ቢሆን ሌላ ነገር ነው። የጎደለኝ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል ነው። ዲክሽነሪው ላይ «ጌት» ማለት ማግኘት ነው፣ ከበር ጋር ሲሆን ግን ሄደሽ ክፈቺልኝ ማለት ነው፣ ሰው ሲያንኳኳ ደግሞ ቤት ውስጥ ያለው «አይል ጌት ዘ ዶር» ይላል፣ እኔ እከፍታለሁ ለማለት። «አንሰር ዘ ዶር»ም ያው ነው፣ በሩ ጠይቆሽ ምትመልሺለት ነው ሚመስለው።

እና አዲስ ቃል መሸምደዱን ተውኩት። በራችን የእንጨት ነው፣ ውስጡን በቾክ ሚጻፍበት ጥቁር ቀለም ነገር ቀባሁት እና በቀን ሶስት አረፍተ ነገር እጽፍበት ጀመር። አንድ ነገር ላይ ብቻ ጠንክሬያለሁ፣ የዛን ቀን እውነት በዛ በር ላይ ያልተደረገ ነገር አልጽፍም። እማዬ መጀመሪያ በሩን አቆሸሽሽብኝ ብላ ነበር፣ በኋላ «አብሽሪ ልጄ፣ ጻፊ» አለችኝ፣ ስታልፍም ቀሚሷ እንዳያጠፋው ሰብሰብ አርጋ ነው ምታልፈው። የአክስቴ ልጅ እንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆነ ማታ ማታ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክለታለሁ፣ እሱ ቮይስ ይልክልኛል።

የመጀመሪያው ሳምንት ስህተቴ ሁሉ ትንንሽ ነገር ላይ ነበር። እኛ «በር ዝጊ» ብለን እናልፋለን፣ እነሱ ጋ ግን የትኛው በር እንደሆነ እየታወቀም «ዘ» መግባት አለባት፣ «ክሎዝ ዘ ዶር»፣ «በሩን» እንደምንለው ማለት ነው። «በሩን አንኳኳሁ» ለማለት «አይ ኖክድ ዘ ዶር» ብዬ ጽፌ «ኦን» ረስተሻል ተባልኩ፣ «ኖክድ ኦን ዘ ዶር» ነው፣ ሲጻፍ ፊቱ ያለችው ኬም አትነበብም። ከሁሉም የከበደኝ ግን ክፍት እና ዝግ ነው። «ዘ ዶር ኢዝ ኦፕን» ትክክል ነው፣ ታዲያ በዛው መስመር «ዘ ዶር ኢዝ ክሎዝ» ብዬ ስጽፍ አይሆንም ተባልኩ፣ «ክሎዝድ» ነው፣ ኦፕን ላይ ደሞ ያቺን «ድ» ከጨመርሽ በሩ ክፍት ነው ማለቱ ቀርቶ ሰው ይከፍተዋል ወይ ተከፈተ ወደማለት ይሄድብሻል። ይሄ ሚገባው በደንብ ሲደጋገም ብቻ ነው። ሌላው፣ እኛ ከፈተ እና ተከፈተ ብለን እንለያለን፣ እነሱ በአንዱ «ኦፕንድ» ሁለቱንም ይሉበታል፣ እኔ ከፈትኩትም በሩ ራሱ ተከፈተም ያው ነው፣ ሚለየው ፊት የመጣው ማነው ሚለው ነው።

በር ለኛ ብዙ ነገር ነው። የቤቱም በር ነው የግቢውም በር ነው፣ ተራራ መሃል ያለ መተላለፊያም በር ነው። እንግሊዝኛው ይከፋፍለዋል፣ የቤቱ ዶር፣ የግቢው ጌት፣ የተራራው ፓስ። የዛ ቀን የተሳሳትኩትም እዚህ ላይ ነው። ሸዋ በር ሚለው የሰፈር ስም ግን አይተረጎምም፣ እንዳለ ሸዋ በር ነው።

ቡና ሰአት ላይ ብዙ ተምሬያለሁ፣ ምክንያቱም እኛ ቤት ቡና ሲፈላ በሩ አያርፍም። ጎረቤት መጥታ «ቤቶች!» ትላለች፣ እማዬ ከውስጥ «ማነው?» ትላለች፣ «እኔ ነኝ»፣ «ግቢ ግቢ፣ ቶና ላይ ደርሰሻል»። ይሄን ልጽፍ ቁጭ ስል «ማነው» «ሁ ኢዝ ኢት» ሆነ፣ ለሰው «ኢት» ማለት ነውር መስሎኝ ሁለት ሶስቴ ጠይቄያለሁ፣ ግን በሩ ተዘግቶ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ እንደዛ ነው ሚባለው። መልሱም እኔ እንደጻፍኩት «አይ አም» አይደለም፣ «ኢትስ ሚ» ነው። «በር ላይ ሰው አለ» ደሞ «ዜር ኢዝ ሰምዋን አት ዘ ዶር»፣ «ኢዝ ሰምዋን» ብለሽ ልትጽፊ ከሆነ ያቺ «ዜር» መቅደም አለባት፣ አለዚያ ጥያቄ ይሆንብሻል፣ «ላይ» ስላልን ብቻም «ኦን» አይባልም፣ «ኦን ዘ ዶር» በሩ ላይ ለተንጠለጠለው ፎጣ ነው፣ ለቆመው ሰው «አት» ነው።

ከዛ ክረምት ገባ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ሀምሌ ላይ ከጦሳ ተራራ ሚወርደው ጉም እና ዝናብ እንጨቱን አርጥቦ ያሳብጠዋል፣ በራችን ታች ጥጉ ጋ ወለሉን ይዞ ቀጥ ይላል፣ በትከሻ ካልተገፋ አይንቀሳቀስም። አንድ ጠዋት ለስራ ረፍዶብኝ እየገፋሁ «በሩ አልከፈት አለኝ!» ብዬ ጮህኩ፣ እማዬ መጥታ ከኔ ጋር ገፋች። ማታ ጻፍኩት፣ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጨንቆኝ ነበር፣ እንግሊዝኛው «ዘ ዶር ዎንት ኦፕን» ሆኖ ሲመጣ በጣም ነው የገረመኝ፣ እነሱም በሩን እንደሰው እምቢ ያስብሉታል! አልከፈትም አለ እንደማለት። ያን ማታ ነው መጀመሪያ በአማርኛ ሳላስብ ቀጥታ የተናገርኩት፣ «ዘ ዶር ስቲክስ ኢን ዘ ሬይኒ ሲዝን»፣ በሩ ክረምት ላይ ይይዛል ማለት ነው፣ ጮክ ብዬ ለእማዬ፣ ባይገባትም።

ፔንሲዮኑ ውስጥ አሁን እንግዳ ሻንጣ ይዞ ሲመጣ እኔ እቀድማለሁ፣ «ሌት ሚ ጌት ዘ ዶር ፎር ዩ» እላለሁ፣ ከፍቼም ይዤ እቆማለሁ፣ እሱ ደሞ «ሆልድ ዘ ዶር» ነው።

ይሄን ሳምንት ወደ ቁልፍ ገብቻለሁ። ስንት አመት «ኪ ኦፍ ዘ ዶር» ስል ኖሬ «ኪ ቱ ዘ ዶር» ነው ሚሉት፣ የበሩ ቁልፍ ሚለው «የ» ሁልጊዜ «ኦፍ» አይደለም ማለት ነው። ቁልፍ ደሞ ለኛ የሸሚዙም ቁልፍ ነው፣ እነሱ ጋ እሱ ባተን ይባላል፣ እና የበሩን ቾክ ገና አላጠፋሁትም፣ ጎን ላይ ቦታ ፈልጌ ቁልፍን ጀምሬያለሁ።