እጀታው እጄ ላይ ሲቀር

መጀመሪያ የሰማነው ድምፁን ነው። ቸክ፣ ቸክ፣ ቸክ። ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስዘገይ ይዘገያል። ጓደኛዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አዳመጠና «ጠጠር ነው፣ ዝም ብለህ ንዳ» አለኝ። ዝም ብዬ ነዳሁ። ጠጠር አልነበረም።

መሪው ወደ ቀኝ መሳብ ሲጀምር ዳር ይዤ ቆምኩ። የፊት ቀኝ ጎማው መሃል ላይ የብሎን ጭንቅላት ያብለጨልጫል። ጓደኛዬ ወዲያው ፒንሳ ፍለጋ ገባ። «እንዳትነቅለው!» ብዬ ጮህኩ። ይቺን እንኳ አውቃለሁ። ካላማዳሪያ የሌለው ጎማ የወጋው ነገር እዚያው እስካለ ድረስ ራሱ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። የሚያፈስሰው በጥቂቱ ነው። ሁሉንም ሳታዘጋጅ ከነቀልከው ግን ወዲያው ቸርኬው ላይ ትቀመጣለህ።

ትርፍ ጎማችሁስ የሚል ይኖራል። ትናንት ገጥመነዋል። የትናንቱ ጎማ ጎኑን ስለታም ድንጋይ ቀዶት ከኋላ ተኝቷል። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ መንገድ ላይ አይጠገንም። መሬት የሚረግጠው ክፍል ወፍራም ነው፣ ከሥሩም የብረት ሽቦ ተነጥፎበታል። ጎኑ ስስ ነው። መኪናው በሄደ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ የወተፍክበትን እያላላ ይተፋዋል። ስለዚህ ተስፋችን ያቺ ከወንበሩ ሥር ያለችው የመወተፊያ ሳጥን ብቻ ነበረች።

ስለ ሳጥኗ ልናዘዝ። የገዛኋት «68 ዕቃ» የሚል ስለተጻፈባት ነው። 68! ቤት ስከፍታት ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን መንገድ ዳር ዘርግፌ ሳያት ብዙው የባልቦላ ክዳን ነው። አንድ ጥንድ ጓንት አለ። መኪና ላይ የሚለጠፍ ምልክት ሳይቀር አለ። ሥራውን የሚሠሩት ሁለት ብረቶች ብቻ ናቸው፤ ቀዳዳውን የሚሞርደው ጠመዝማዛ መብሻ፣ እና የመወተፊያውን ገመድ ይዞ የሚገባው ባለ ዓይን መርፌ። የሁለቱም እጀታ ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው።

ብሎኑን አወጣሁ። ፉጨቱ ጀመረ። መብሻውን ሰክቼ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ግማሽ ድረስ ገባና ሽቦው ጋ ሲደርስ እምቢ አለ። እየጠመዘዝኩ ስገፋ፣ ቀጭ! ብረቱ ጎማው ውስጥ ቀረ፤ እጀታው እጄ ላይ።

ጓደኛዬ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ከ68ቱ መሃል ትርፍ እጀታ የለም?» አለኝ።

አርባ ደቂቃ ያህል ተቀምጠን አንድ የጭነት መኪና ቆመልን። ሹፌሩ ሸምገል ያሉ ናቸው።

«ምን ሆናችሁ ልጆቼ?»

«ጎማ ነው አባባ» ብዬ እጀታውን አሳየኋቸው። ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት።

«ይኼማ የሕፃን ማንኪያ ነው» አሉና ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ይዘው የመጡት በጨርቅ የተጠቀለለ ሁለት ብረት ነው። እጀታውም ብረት፤ ከላይ አግድም የተበየደ፣ በሁለት እጅ የሚጨበጥ። የኔን ስባሪ በፒንሳ ነቀሉትና የራሳቸውን መብሻ አስገቡ። ቀጥ አድርገው ግን አልነበረም፤ አዘንብለው ነው። ብሎኑ አግድም ብሎ ገብቶ ኖሯል። አቅጣጫውን ከሳትክ ሌላ ቀዳዳ ትከፍታለህ። ከዚያ ወደ ውስጥ ወደ ውጭ፣ ወደ ውስጥ ወደ ውጭ ሞረዱት። እኔ ይበቃል እያልኩ ነበር። ለካ የተቆረጠው የሽቦ ጫፍ ካልለሰለሰ ገመዱን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ገመዱ አንድ እጅ ወርድ የምታህል፣ ሙጫ በመሰለ ጎማ የተነከረች ናት። በመርፌው ዓይን እስከ ግማሿ አሾለኳት፣ ማስቲሽ ቀቧትና ገፏት። ጫፎቿ ከውጭ የጣት ወርድ ያህል ሲቀሩ ቆሙ። «አሁን ሳትጠመዝዝ፣ ባንዴ!» ብለው ሳብ ሲያደርጉት መርፌው ብቻ ወጣ። ጠቅላላው አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ቀጥሎ ተራው የኛ መንፊያ ነበር። ሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰካነው፣ ጮኸ ጮኸና ፊውዙን አቃጠለ። ሰውየው አልሳቁብንም፤ ከመኪናቸው የአየር ታንክ ረጅም ቱቦ ስበው ነፉልን። ውትፉ ላይ ምራቅ ቀብተው አዩት። አረፋ የለም። «ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ጎሚስታ ስታገኙ ከውስጥ አስለጥፉት» ብለውን መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ማታ ከተማ ደረስን። ጠዋት መጀመሪያ የሄድኩት መለዋወጫ ቤት ነው። ሻጩ የተሰላቸብኝ ይመስለኛል። ቁጥር የተጻፈበትን ሳጥን ሁሉ ወደ ጎን አልኩና እጀታ በእጀታ መፈተሽ ያዝኩ። ፕላስቲክ የሆነውን አልነካሁትም። ብረት ሆኖ ዘንጉ በትንሽ ብሎን የታሰረም አለ። መጥፎ አይደለም፤ ግን እጀታውን በአንድ እጅ ዘንጉን በሌላው ይዤ ስጠመዝዘው አንዱ ዞረብኝ፣ መለስኩት። የወሰድኩት የተበየደውን ነው። ከመርፌው ደግሞ ዓይኑን አየሁ። ጫፉ ላይ ክፍት ሆኖ ሲወጣ ገመዱን የሚለቀው እሱ ነው። እዚያ ጋ ብረቱ ስስ ከሆነ የመጀመሪያው ጠንካራ ጎማ ይሰብረዋል። የመብሻው ጥርስ በጣት ሲዳሰስ መቧጨር አለበት። ቀለም ተቀብቶ ጥርሱ የተደፈነም አይቻለሁ።

ገመዱን በጥፍሬ ጫንኩት። ጥሩው ይሰረጎዳል፣ እጅ ላይም ይጣበቃል። የቆየው ይደርቅና ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። እንዲያ ያለው መርፌው ውስጥ እያለ ይበጠሳል፣ ከገባም አይይዝም። ስለዚህ በደንብ የታሸገ ገመድ መረጥኩ። ብዛት አላሳሰበኝም፤ አሥር ቢሆን ለዓመታት ይበቃኛል። ማስቲሽ ላይ ግን ስስታም አልሆንኩም። አንድ ትልቅ ቱቦ ትቼ ሦስት ትንንሽ ገዛሁ። ማስቲሽ አንዴ ከተከፈተ ክዳኑን ብታጠብቀውም ውስጥ ለውስጥ ይደርቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ስትጨምቀው የሚወጣው አየር ነው።

መንፊያውንም ቀየርኩ። አዲሱ ከባትሪው ጋር በቀጥታ በመቆንጠጫ የሚያያዝ ነው፤ መለኮሻው የማይችለውን ኤሌክትሪክ ባትሪው ይችለዋል። የመኪናው ሞተር ተነስቶ መሥራት አለበት፣ መንፊያውም በየመሃሉ ማረፍ ይፈልጋል። የአየር መለኪያ ለብቻው ያዝኩ። ልኩ የሚገኘው በሹፌሩ በር በኩል ከተለጠፈው ጽሑፍ ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ነው፣ ብዙ ሰው እሱን ይሞላል።

ሻጩ ጎማው ውስጥ አረፋ ነፍቶ ቀዳዳውን የሚደፍን ጣሳም አሳየኝ። ለቸኮለ ሰው ጥሩ ነው። ለኔ አልመሰለኝም። ውስጡን በሙሉ ያጨማልቀዋል፣ ጎሚስታውንም ያስረግማል።

በመልሱ ጉዞ ሁለተኛው ቀዳዳ መጣ። ሚስማር ነው፣ ያው የፊት ቀኝ ጎማ። ጓደኛዬ «ኧረ በእናትህ!» ብሎ ከመውረዱ በፊት ዕቃውን አውጥቼ ነበር። ሚስማሩ ቀጭን ነው፣ ከጎኑም ራቅ ያለ ነው። ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ወይም ወደ ትከሻው፣ መሬት የሚረግጠው ክፍል ከጎኑ ጋር ወደሚገናኝበት፣ ከተጠጋ መወተፍ ራስን ማታለል ነው። ገፋሁ፤ እጀታው ንቅንቅ አላለም። መሞረዱ ላይ ትንሽ ተቻኮልኩ መሰለኝ፣ ገመዷ ጠመም ብላ ገባች። አየር ግን አላሳለፈችም።

ከተማ እንደገባን ጎሚስታ ቤት ቆምን። ጎሚስታው ውትፎቹን ከውጭ አይቶ ሊፈርድ አልፈለገም፣ ጎማውን ከቸርኬው አወረደው። ልክ ነው። የአሜሪካ ጎማ አምራቾች ማኅበርም የሚለው ይኼንኑ ነው፤ ጎማው ወርዶ ውስጡ ካልታየ፣ ቀዳዳው ተሞልቶ ከውስጥ ካልተለጠፈበት፣ ተጠገነ አይባልም። ጎሚስታው መጀመሪያ የፈለገው ጥቁር ብናኝ ነው። አየር ጎድሎት የተነዳ ጎማ ጎኑ ውስጥ ለውስጥ ይፈጫል፣ ብናኙም እዚያው ይቀራል። የኛ ንጹሕ ነበር።

ከዚያ በጣቱ ሁለቱን ውትፎች ዳበሰ።

«ይቺን ማን ሠራት?»

«አንድ ሹፌር።»

«ይቺንስ?»

«እኔ።»

ምንም አላለም። መብሻውን አነሳና በኔዋ ጀመረ።