እርሾዋን የደፋሁት እኔ ነኝ

ዛሬ ምንም አልሠራሁም እል ነበር፤ ግን ቡሃቃ አጥቤያለሁ። የማርቆስ ነሐሴ መቼም ይታወቃል። ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ ደብሮኝ፣ እጄ የሆነ ነገር መፈተግ አማረው። በረኪና ጨምሬ ፈተግኩት። ጠርዙ ላይ የደረቀው ሊጥ ሳይቀር ለቀቀ። ከሥሩ የቀረችውን እርሾም አብሬ ደፋኋት።

እማየ ክዳኑን ከፍታ ውስጡን አየች። ከዚያ እኔን አየች።

«አንች፣ ያች እርሾ እኮ ትበልጥሽ ነበር።»

በዕድሜ ማለቷ ነው መሰለኝ።

እውነቷን ነው። ያች ቢጫ ውሃ ካንዱ ቡኮ ላንዱ እየተላለፈች ስንት ዓመት ኖራለች። ውስጧ ያሉት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፣ ይተካሉ፤ ዘሩ ግን አልተቋረጠም ነበር። እስከ ዛሬ ጠዋት።

ከዚያ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ሐሳቤ ወደ ሆዴ ሄደ። አንድ ሰው ላይ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያ አለ ተብሎ ይገመታል። የራሱ ሴል 30 ትሪሊዮን ገደማ ነው። በቁጥር በልጠውናል። አብዛኞቹ ትልቁ አንጀት ውስጥ ሆነው እኛ መፍጨት ያቃተንን ፋይበር ይበላሉ፤ እነሱ የሚያወጡት አሲድ ደግሞ መልሶ የአንጀታችንን ግድግዳ ይመግባል። እርሾዋ ምጣድ ላይ ትሞታለች፤ የጤፉ ፋይበር ግን እነሱ ዘንድ ይደርሳል። እንጀራ ስጎርስ ለብቻዬ አይደለም ማለት ነው።

በአያቴ ጊዜ ሆድ ውስጥ ያለን ፍጥረት በኮሶ ማባረር ነበር። አሜሪካኖች ግን እ.አ.አ. በ2007 የሰውን ማይክሮባዮም፣ ማለትም ሰው ላይና ውስጡ የሚኖሩትን ጥቃቅን ፍጥረታት፣ ለማጥናት ለ5 ዓመት 115 ሚሊዮን ዶላር መደቡ። መጀመሪያ ያጠኗቸው 242 ጤነኛ ሰዎች ናቸው፣ ከሂዩስተንና ከሴንት ሉዊስ። በ2012 ደግሞ ሌላ ጥናት መጣ፤ ያኔ ሰው ከኪሱ 99 ዶላር እየከፈለ የገዛ ሰገራውን በፖስታ ይልክ ነበር። ለእማየ ነገርኳት።

«ይከፈላቸዋል?»

«ኧረ እነሱ ናቸው ከፋዮቹ!»

አማተበች።

እኔ ግን ቀናሁ። እስካሁን ከተመረመረው ናሙና አብዛኛው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ሰው ነው። ጤፍና ሽሮ በልቶ ያደገ፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም፣ አሁን ደግሞ ፍልሰታን የያዘ የቢቸና ገበሬ ሆድ ውስጥ ማን እንዳለ ማን ቆጠረ? ቆጠራው ይምጣ ቢባልስ ማን ይክፈል? ናሙናው ቶሎ ካልቀዘቀዘ ሊበላሽ ይችላል፤ እዚህ መብራት ዛሬ ብቻ ሁለቴ ሄዷል። ያ ሁሉ ብር ካለ መጀመሪያ ንጹህ ውሃ ይግባ የሚሉም አሉ። ግማሽ ልቤ ከነሱ ጋር ነው። ግማሹ ግን አሁንም ይቀናል። ደሞ እኮ አንቲባዮቲኩን እንደ ከረሜላ እየዋጥን ነው። ማን እንደነበረ ሳናውቅ አልቆ ቢገኝስ?

ይህን ሁሉ የምትቆረቆረው እንግዲህ ጠዋት ትልልቆቿን በበረኪና የፈጀችው ልጅ ናት።

ለካ እማየ ጎረቤት ሄጄ እርሾ እንዳመጣ ኩባያ ሰጥታኝ ነበር። ኩባያው አጠገቤ ነው፣ ባዶውን። ሦስት ሰዓት አልፏል፤ እትዬ ደግሞ በጊዜ ነው በር የሚዘጉት።