ቀዩ መስመር ከየት መጣ? ኤዲተሬን ለሃስኬል ሳሰናዳ

ሃስኬል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት ፕሮጀክት አለኝ። ተርሚናል ላይ «ካባል ቢልድ» ስል (ካባል የሃስኬል ፕሮጀክት መገንቢያ ነው) ያለ አንዳች ስህተት ያልፋል። ኤዲተሩን ስከፍት ግን ፋይሉ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። ኢምፖርት ያደረግኩትን ሞጁል ሁሉ «አላውቀውም» ይለኛል። ኮዱ አንድ፣ ኮምፒውተሩ አንድ፣ ዳኛው ሁለት። ሦስት ምሽት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ማንም የሚያደርገውን ነው። የቪኤስ ኮድን የሃስኬል ኤክስቴንሽን አጠፋሁና መልሼ ጫንኩት። አልሆነም። ደግሜ አጠፋሁ፣ ደግሜ ጫንኩ። ኮምፒውተሩንም አጥፍቼ አብርቻለሁ፤ ምን ይደበቃል። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ምክር ሁሉ ሴቲንግ ውስጥ መለጠፍ ጀመርኩ። ነገሩን ያባባስኩት እዚህ ላይ ነው። ከምክሮቹ ብዙዎቹ ሃስኬል አይዲኢ ኢንጂን ስለሚባል ፕሮግራም ያወራሉ። እሱ ጡረታ ወጥቷል። የሱና ጂኤችሲአይዲኢ የተባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ተባብረው ሃስኬል ላንጉጅ ሰርቨርን፣ በአጭሩ ኤችኤልኤስን፣ አምጥተዋል። ከዚያ በፊት የተጻፈ የኤዲተር ምክር ካጋጠማችሁ እለፉት።

ነገሩ የገባኝ መለጠፉን ትቼ ማን ምን እንደሚሠራ ሳጣራ ነው። ኤዲተሩ ራሱ ሃስኬል አያውቅም። የሚያውቀው ኤችኤልኤስ ነው። ኤዲተሩ የጻፍኩትን ይልክለታል፣ እሱ ስህተቱንና ታይፑን ይመልሳል። ቪኤስ ኮድም ይሁን ኒዮቪም ወይም ኢማክስ፣ ከጀርባ ያለው ሠራተኛ ያው ነው። ተናድጄ ኤዲተር ልቀይር አስቤ ነበር። ብቀይር ያው ቀይ መስመር ተከትሎኝ ይመጣ ነበር።

ኤችኤልኤስ ደግሞ ጂኤችሲን፣ ማለትም የሃስኬልን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረውን ኮምፓይለር፣ በሆዱ ይዞ ነው የሚሄደው። አንድ የጂኤችሲ ቨርዥን ያዘጋጃቸውን ፓኬጆች ሌላ ቨርዥን ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የጂኤችሲ ቨርዥን ለብቻው የተሠራ ኤችኤልኤስ ያስፈልጋል። «ይቀራረባሉ» የሚባል ነገር የለም። ከመጨረሻዋ ነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር እንኳ መግጠም አለበት።

ታዲያ የቱ ከየቱ እንዳልገጠመ እንዴት ይታወቃል? ኤዲተሩን ዝጉት። ተርሚናል ላይ ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ የኤችኤልኤስን ራፐር፣ ማለትም ለፕሮጀክቱ የሚሆነውን ኤችኤልኤስ መርጦ የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ በቀጥታ አስነሱት። ስሙ ረጅም ነው፤ «ሃስኬል ላንጉጅ ሰርቨር ራፐር»፣ በቃላቱ መካከል ሰረዝ እየገባ። ፕሮጀክቱ የካባል ይሁን የስታክ (ሌላው የሃስኬል መገንቢያ)፣ የትኛውን ጂኤችሲ እንዳገኘ፣ የትኛውን ኤችኤልኤስ እንደመረጠ ይዘረዝራል። ከዚያ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ሞክሮ ስንቱ እንዳለፈና ስንቱ እንደወደቀ ይነግራችኋል። ሦስት ምሽት የፈለግኩት መልስ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ፊቴ ተዘረገፈ፦ ለዚህ ጂኤችሲ የሚሆን ኤችኤልኤስ አላገኘሁም።

ጥፋቱ የኔ ነበር። አዲስ ጂኤችሲ ወጣ ሲባል ቸኩዬ ጭኜዋለሁ። ኤችኤልኤስ ገና አልደረሰበትም። ጂኤችሲንና ኤችኤልኤስን የሚጭነውን ጂኤችሲአፕን «ጂኤችሲአፕ ቲዩአይ» ብላችሁ ብትከፍቱ ሁሉም ቨርዥን በሰንጠረዥ ይወጣል፤ ኤችኤልኤስ የሚደግፋቸው ጂኤችሲዎች ምልክት አላቸው፣ «ሪኮሜንድድ» የተባለውም ተለይቶ ይታያል። እሱን መርጬ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ዋናው ኤረር ጠፋ። አዲስ ቨርዥን የምትወዱ ሰዎች ታግሳችሁ ጠብቁ፤ እኔ አሁን የካባል ፕሮጀክት ፋይሉ ውስጥ «ዊዝ ኮምፓይለር» በሚለው መስመር ቨርዥኑን ቆልፌዋለሁ። ስታክ ለምትጠቀሙ ደግሞ ጂኤችሲውን የሚወስነው የመረጣችሁት ስናፕሾት፣ ማለትም አብረው የሚሠሩ ቨርዥኖች ዝርዝር፣ ነው። ጂኤችሲአፕ ላይ የቀየራችሁት ቁጥር ስታክን ላይነካው ይችላል።

ዋናው ኤረር ጠፋ አልኩ እንጂ ሁሉም አልጠፋም። ኤዲተሩን ከተርሚናል ሳስነሳው ይሠራል፣ አይከኑን ተጭኜ ስከፍተው ኤችኤልኤስ የለም ይላል። ከአይከን የተነሳ ፕሮግራም ሼሌ ላይ ያስተካከልኩትን ፓዝ፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸውን ፎልደሮች ዝርዝር፣ አያነብም ነበር። በኤክስቴንሽኑ ሴቲንግ ኤችኤልኤስን በጂኤችሲአፕ በኩል እንዲያስተዳድር ስነግረው ተገላገልኩ።

ቀጥሎ የመጣው ያሳፍራል። የከፈትኩት ፎልደር የፕሮጀክቱ ሳይሆን አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ያለው፣ ፕሮጀክቶቼ ሁሉ የታጨቁበት ነበር። ኤችኤልኤስ የካባል ፋይሉን ከሥሩ ካላገኘ ጨለማ ውስጥ ነው የሚዳክረው። ትክክለኛውን ፎልደር ስከፍት ኢምፖርቶቹ ሁሉ ነጭ ሆኑ። አንድ ፎልደር ውስጥ ብዙ ፓኬጅ ያላቸው ሰዎች «ኤችአይኢ ያምል» የሚባለውን ፋይል ጽፈው የቱ ፋይል የየትኛው ክፍል እንደሆነ ያሳዩታል። ለኔ አንድ ትንሽ ፕሮጀክት አላስፈለገኝም። እንዲያውም ከኢንተርኔት ገልብጬ ያስቀመጥኩት ነበርና ሳጠፋው ነገሩ ተሻለ።

አሁንም አንዳንዴ አዲስ ሞጁል ስፈጥር ፋይሉ ብቻውን ቀይ ይሆናል። ያን ጊዜ አልደነግጥም፤ ካባል ፋይሉ ውስጥ «አዘር ሞጁልስ» ሥር ስሙን መጻፍ ረስቻለሁ ማለት ነው። ጽፌ ሰርቨሩን ሪስታርት አደርጋለሁ፣ ያልፋል። ካሹን፣ ማለትም ኤችኤልኤስ ለፍጥነት ያስቀመጠውን ውጤት፣ መሰረዝ ግን የመጨረሻው አማራጬ ነው። ብዙ ሰው ከሱ ይጀምራል። ትልቅ ፕሮጀክት ላይ ሁሉም ከዜሮ እስኪሠራ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለ፤ ችግሩ ቨርዥን ከሆነ ደግሞ ጠብቃችሁ ጠብቃችሁ ያው ቀይ መስመር ይመለሳል።

ከሠራ በኋላ ግን የሚገርም ነገር ነው። ያልጨረስኩት ቦታ ላይ አንድ አንደርስኮር አስቀምጣለሁ፣ እዚያ ምን ታይፕ እንደሚፈለግ ይነግረኛል። ኮመንት ውስጥ ሦስት የመብለጥ ምልክት አድርጌ ኮድ ብጽፍ ውጤቱን እዚያው ያወጣልኛል። የረሳሁትን ኢምፖርት በአንድ ክሊክ ይጨምራል።

ሜሞሪ ግን ይበላል፣ በጣም። ላፕቶፔ ማቃሰት ሲጀምር ኤችኤልኤስን አቆምና ተርሚናል ላይ ጂኤችሲአይዲን (ከጂኤችሲአይዲኢ የተለየ ነው) አስነሳለሁ። ፋይል ሴቭ ባደረግኩ ቁጥር ኤረሩን ብቻ የሚጽፍ ቀላል ፕሮግራም ነው። ይህን የምጽፈው ከጎኔ እሱ ክፍት ሆኖ ነው፤ «ኦል ጉድ» ይላል።