ከወጣ አይቀር

በቤቱ ውስጥ ጉንዳን እንዲገኝ ከልቡ የሚጸልይ ሰው አጋጥሟችሁ የማያውቅ ከሆነ፣ የጉድጓድ ፓምፓችን ቀጥ ባለበት ማለዳ እኔን ማየት ነበረባችሁ። ፓምፑን እንደ ውሃው ግፊት የሚያስነሳውና የሚያጠፋው ፕሬዠር ስዊች በውስጡ ትናንሽ የብረት መገናኛዎች አሉት፤ ጉንዳን እዚያ መካከል ገብቶ ሲጨፈለቅ መገናኛዎቹ ሳይነካኩ ይቀራሉ፣ ኤሌክትሪክ አያልፍም፣ ፓምፑም ዝም ይላል። እንዲህ ያለው ብልሽት መገናኛዎቹን በመጥረግ፣ ቢብስም ስዊቹን በመቀየር ያልቃል። ስለዚህ ቴክኒሻኑ ክዳኑን ከፍቶ ደርቀው የተጣበቁ ጉንዳኖችን ባሳየን ጊዜ ባለቤቴ ፈጣሪዋን አመሰገነች፤ እኔም ለዚያ ፍጥረት ከዚያ በፊት ተሰምቶኝ የማያውቅ ፍቅር ተሰማኝ።

ጉንዳኖቹ ተጠረጉ፣ ስዊቹም ቀጭ አለ፤ ፓምፑ ግን አልተነሳም። ቴክኒሻኑ ከስዊቹ ወደ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ወደ ማስነሻው ካፓሲተር እየተሻገረ አንድ በአንድ ለካና ስለ እያንዳንዱ «ይህም ደህና ነው» እያለ ያበሥረን ጀመር። በሌላ ሙያ «ደህና ነው» መልካም ዜና ነው። በጉድጓድ ሥራ ግን ከመሬት በላይ ያለው ርካሽ ዕቃ ሁሉ ደህና በሆነ ቁጥር ጥፋቱ ወደ ታች፣ ወደ ውዱ ቦታ እየወረደ ይሄዳል። በመጨረሻ ወደ ጉድጓዱ የሚወርደውን ኬብል በኢንሱሌሽን መለኪያ (ኤሌክትሪክ ከሽፋኑ ውጭ ሾልኮ እንደሆነ በሚያሳየው መሣሪያ) ፈተነና ቀስቱ ዜሮ አጠገብ ሲተኛ፣ «ሞተሩ ተቃጥሏል፤ መውጣት አለበት» አለ።

በዚህ መካከል አማቼ ደረሰ። አማቼ በማንኛውም የቤት ብልሽት ላይ ከባለሙያው በፊት ሐሳብ የሚሰጥ ሰው ሲሆን፣ የዚያን ቀን ያቀረበው ሐሳብ አዲሱ ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ ከሚገባ ከላይ ተቀምጦ ውሃውን ይምጠጥ የሚል ነበር። ቴክኒሻኑ ፓምፕ ሲመጥ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት እንደሆነ፣ ይህም ግፊት በባሕር ወለል ላይ እንኳ ውሃን ከ10 ሜትር ብዙም እንደማያሳልፍ፣ በተግባር ከ7 እስከ 8 ሜትር ላይ እንደሚያበቃና በከፍታ ቦታ ደግሞ ከዚያም እንደሚያንስ፣ የእኛ ፓምፕ ግን 60 ሜትር ጥልቀት ላይ ወርዶ ውሃውን ከታች የሚገፋው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳው። አማቼ በጥሞና አዳመጠና «ጠንከር ያለ ፓምፕ ከሆነስ?» አለ።

ፓምፑን ማውጣት የሚባለው ሥራ ወጪው የሚያብጥበት ክፍል ነው። ፓምፑ የተንጠለጠለው 6 ሜትር ርዝመት ባላቸው አሥር የጋልቫናይዝድ ቧንቧዎች ላይ ሲሆን፣ የአንድ ኢንች ከሩብ ቧንቧ በሜትር ከ3 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ብረቱ ብቻ ወደ 200 ኪሎ ይጠጋል። ከታች ያለው ቼክ ቫልቭ ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ ስለሚይዘው ደግሞ በቧንቧው ውስጥ ያለው ከ50 ሊትር በላይ ውሃም አብሮ ይነሣል። ባለሦስት እግር ማንሻ ከነሰንሰለቱ በኪራይ መጣ፤ ከሰዎቹ ጋር የመጣውን ሒሳብ ግን ገና አላየሁም ነበር።

በመጀመሪያ ፓምፑ እንዳይወድቅ የታሰረበትን ገመድ ሳቡት። ገመዱ በሚያስገርም ቅለት መምጣት ሲጀምር ሁላችንም በደስታ ተያየን፤ አማቼም «አላልኳችሁም?» አለ፣ ምን እንዳለን ባይታወቅም። ጫፉ ሲወጣ ፓምፕ አልነበረበትም። ገመዱ ከታች በስብሶ ተበጥሶ ኖሮ፣ ለስንት ጊዜ ማንንም ሳይዝ ለይስሙላ ተንጠልጥሎ እንደኖረ አይታወቅም። ከዚያ ወዲያ ያለን ተስፋ ቧንቧው ነበር። የመጀመሪያው ቧንቧ ከወለል በላይ ወጥቶ መገጣጠሚያው ሲፈታ፣ በውስጡ የቆመው ስድስት ሊትር ያህል ውሃ፣ አጠገቡ ቆሞ መመሪያ ይሰጥ በነበረው አማቼ ላይ በአንድ ጊዜ ወረደ። ቤታችን ውሃ ካጣ ወዲህ በመጀመሪያ ገላውን የታጠበው እርሱ ሆነ።

ፓምፑ ወጥቶ ሲጋደም ነው «ከወጣ አይቀር» የሚባለው ነገር የጀመረው። «ጌታዬ፣ ከወጣ አይቀር ቧንቧውንም እንቀይረው፤ ጥርሱ በዝገት ተበልቷል» አለ ቴክኒሻኑ። እውነት ነበር። ከወጣ አይቀር ኬብሉም መቀየር ነበረበት፤ ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር እየተፋተገ ተልጧል። በዚያ ላይ በረጅም ኬብል የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ እየወረደ ስለሚሄድ ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ወፍራም፣ ማለትም ውድ ኬብል ያስፈልጋል። ከወጣ አይቀር ቼክ ቫልቩ፣ ከወጣ አይቀር ገመዱ፣ ከወጣ አይቀር ጉድጓዱን የሚያጸዳው ክሎሪን። ልከራከር ስሞክር ሰውየው አንዲት መልስ ብቻ ነበረችው፦ «ነገ ይህ ቢበላሽ ደግመን እናወጣዋለን።» የጓዳ መደርደሪያ ቢሆን እከራከር ነበር፤ 60 ሜትር ላይ ግን ክርክር አያዋጣም። አማቼ በዚህ መሐል በእጥፍ የሚበልጥ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ካልገዛችሁ ብሎ ነበር። ደግነቱ ቴክኒሻኑ ጉድጓዱ ከሚያመነጨው በላይ የሚስብ ፓምፕ ውሃውን አሟጦ በደረቁ እንደሚሽከረከር፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውም በዙሪያው የሚያልፈው ውሃ ስለሆነ ወዲያው እንደሚቃጠል ነግሮ አዳነን። ደረሰኙ ሲደመር፣ «የፓምፕ መቀየሪያ» በሚለው ርዕስ ሥር የፓምፑ ዋጋ ከጠቅላላው ግማሽ እንኳ አልሞላም።

አዲሱ ፓምፕ ወርዶ ሲነሣ ውሃው መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ቀጥሎ ክሎሪን ክሎሪን ሸተተ፣ ሽታው እስኪጠፋ ከፈሰሰ በኋላም ጠራ። እኔም ልሸኛቸው ስል ቴክኒሻኑ ግድግዳው ሥር የቆመውን ፕሬዠር ታንክ፣ ማለትም ውሃውን በአየር ግፊት ይዞ የሚያቆየውን በርሜል፣ አንኳኳና ፊቱ ተቀየረ። በታንኩ አናት ላይ ካለችው የአየር ቫልቭ መውጣት ያለበት አየር ብቻ ነው። ቀረብ ብዬ እንዳይ ጋበዘኝና ሲጫናት ውሃ ፊቴ ላይ ተረጨ። ውስጡ ያለው ጎማ ተቀድዷል ማለት ነው። ውሃውን በግፊት የሚይዝ አየር ስለሌለ፣ አንድ ብርጭቆ በተቀዳ ቁጥር ፓምፑ እየተነሣና እየጠፋ ይኖር ነበር፤ ሞተር ደግሞ ሲነሣ የሚስበው ኤሌክትሪክ በመደበኛ ሥራው ከሚስበው ብዙ እጥፍ ነው። አሮጌውን ፓምፕ የገደለው ይኸው ታንክ ኖሯል፤ አዲሱንም ለመግደል ተዘጋጅቶ ቆሟል።

«ወንድሜ፣ ይህ እንኳ ከየትም አልወጣም» አልኩት።

«ከተቀየረ አይቀር ነዋ፣ ጌታዬ» አለና ደረሰኙን ገልብጦ በጀርባው መጻፍ ጀመረ።