ልቤ አንዱ ጋ፣ እጄ ሌላው ጋ

ዛሬ ጎንደር ፒያሳ ሁለት ያገለገሉ የሶኒ ካሜራዎችን ሳገላብጥ ዋልኩ፤ ኢኤክስ 1 እና ኤንኤክስ 5። ልቤ ያረፈው በመጀመሪያው ላይ ነበር። ብርሃን የሚቀበሉት ሦስቱም ሴንሰሮቹ ግማሽ ግማሽ ኢንች ናቸው፤ የሌላው ሲሶ ሲሶ። የከተራን ሌሊት በፋሲለደስ መዋኛ ዳር ለሚቀርጽ ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። የሚቀዳበት ካርድ ግን እንደ ኤስዲ ካርድ ከየሱቁ የሚገዛ አይደለም።

«ጋሼ፣ ብዙም አልሠራም» አለኝ ሻጩ። ካሜራው ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያሳየውን ቆጣሪ ከፍቼ ሳሳየው ሳቀ። የስልኬን መብራት ወደ ሌንሱ ስሰድ ደግሞ ጥጉ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ አየሁ።

«አቧራ ነው፣ ይጠረጋል።»

ከመስታወቱ ጀርባ የሚገባ ጨርቅ ካለህ እሺ!

ኤንኤክስ 5ን ይዤ ወጣሁ። አንዱ የማይክ መሰኪያ ትንሽ ይወዛወዛል፤ ዋጋ ያስቀነስኩትም በእሱ ነው።