በማክሰኞ ዳዊት የመጣልኝ መልስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። «እመቤቴ፣ ከዚህ ካወጣሽኝ እመሰክራለሁ» ብዬ ነበር። አወጣችኝ። የወጣሁት ግን እኔ በለመንኩት በር አይደለም።

የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰድኩት ጥቅምት 2015 ነው። ተማሪው ከቤቱ ርቆ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መፈተን የጀመረው ያኔ ነው። ያን ዓመት ከተፈታኙ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። ውጤቴ ሲሰማ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። አባቴ በግ ሸጦ ሻንጣ ገዛልኝ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮ ተቋጠረልኝ። ምደባዬ ከቤታችን የሁለት ቀን መንገድ ወደ ደቡብ ወጣ።

ዶርም ስድስት ነበርን። የኔ አልጋ ከታች፣ በሩ አጠገብ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በሶዬን ስበጠብጥ አንዷ አይታኝ በሳቅ ፈረሰች። በማግስቱ ስሜ «በሶ» ሆነ። አነጋገሬን እየደገሙ ይስቁብኛል። ነጠላዬን ሳጣፋ «እማሆይ መጡ» ይላሉ። አጥቤ ያሰጣሁት ልብስ ጭቃ ላይ ወድቆ ይጠብቀኛል። እኔ ዝም። ዝምታዬን ትዕግሥት ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ከአያቴ የወረስኩት ልማድ አለኝ፤ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ዳዊት እደግማለሁ። አንድ ቀን ካፌ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ከፊቴ ያለ ልጅ ስልኩን እያየ ዞር ብሎ አየኝ። ስልኩን አየ። እንደገና አየኝ። ከዚያ ለጓደኛው አቀበለው። ግቢያችን ውስጥ «ኮንፌሽን» የሚባል፣ ላኪው ማን እንደሆነ የማይታወቅበት የቴሌግራም ቻናል አለ። እዚያ ላይ እኔ በጨለማ፣ ነጠላዬን ለብሼ ስሰግድ የሚያሳይ ቪዲዮ ተለቅቋል። የዳንስ ሙዚቃ አስገብተውበታል። ሰልፉን ጥዬ ወጣሁ። ሰሃኑ እጄ ላይ እንደቀረ ያወቅኩት ዶርም ስደርስ ነው።

ስግደቴ ነው ያሳቃቸው። ከሁሉም ያመመኝ ይሄ ነበር።

ከሳምንት በኋላ የማላውቀው ቁጥር ማታ ማታ መደወል ጀመረ። ወንድ ነው። ፊቴን ከሌላ ሴት ራቁት ገላ ጋር አቀናብሮ ላከልኝና «ካልተገናኘን ይለቀቃል» አለኝ። ካፌ መሄድ ተውኩ። ያቺው የተሳቀባት በሶ ሦስት ሳምንት አቆየችኝ። የማትስ ሚድ፣ የሴሚስተር አጋማሽ ፈተናው፣ አመለጠኝ። ትምህርት ማቋረጫውን የዊዝድሮዋል ፎርም አምጥቼ ሞላሁ፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር። እናቴ ስትደውል «ድምፅሽ ምን ሆነ?» ትለኛለች። «ጉንፋን ነው» እላታለሁ። አላመነችኝም። ለካ እሷም በበኩሏ ለማርያም ጃንጥላ ተስላ ኖሯል።

የኔ ጸሎት አንድ ብቻ ነበር፦ ከዚህ አውጪኝ።

ለንስሐ አባቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ጸሎቱን አታቋርጪ። ግን ለሚመለከተው ሰው ንገሪ። ግፍ መደበቅ ትዕግሥት አይደለም» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ለማን እንደምናገር ግን አላውቅም ነበር። ማን አየልኝ ብዬ?

ማክሰኞ ነበር። የማክሰኞ ዳዊት ከ31 እስከ 60 ነው። 54ኛው ላይ ስደርስ «ጠላትስ ቢሰድበኝ፥ በታገሥሁ ነበር» የሚለውን አነበብኩ። ቀጥሎ ያለው አብሮ ስለሚኖር ወዳጅ ነው። ድምፄ ተቆረጠ። አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስኩ።

መስኮቱ አጠገብ ያለችው ልጅ ሙስሊም ናት። እሷ ሱብሂ ለመስገድ፣ እኔ ዳዊት ለመድገም፣ በአንድ ሰዓት እንነሳለን። ያን ሁሉ ጊዜ በቅጡ ሰላም ተባብለን አናውቅም። ያን ቀን መስገጃዋን አጥፋ መጣችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ማን እንደቀረጸሽ አውቃለሁ» አለችኝ። «ነቅቼ ነበር። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። አላህ ይጠይቀኛል። ሲነጋ እንሂድ።»

ስጸልይ ያየችኝ ምስክር፣ ራሷ ለጸሎት የነቃች ሆነች። እስከ ዛሬ ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል።

የዶርም ኃላፊው ፕሮክተር «ልጅነት ነው፣ ታረቁ» ብሎ ሊመልሰን ነበር። እሷ ናት እጄን ይዛ የሴት ተማሪዎች ጉዳይ ወደሚታይበት ጀንደር ኦፊስ የወሰደችኝ። እዚያ ያገኘናት ሴትዮ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «መልእክቶቹን አጥፍተሻቸዋል?» ብላ ነው። አላጠፋሁም ነበር። ስክሪንሹቶቹን፣ ቁጥሩንና የተደወለበትን ሰዓት አንድ በአንድ መዘገበች። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት እንዲህ ያለ ማስፈራራትና ስም ማጥፋት በወንጀል እንደሚያስጠይቅ ያወቅኩት ከእሷ ነው። እኔ «የፍሬሽ»፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ «ቀልድ» ሲሉኝ አምኜ ነበር። እህቴ፣ አንቺም እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰብሽ፣ እባክሽ ከንዴት የተነሳ ምንም አታጥፊ።

ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ጓደኛዬ ያየችውን ተናገረች። የዶርም ልጆች ለረጅም ጊዜ አኮረፏት። ደዋዩ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ዓመት ታገደ። የቀረጸችኝ ልጅ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ወደ ሌላ ብሎክ ተዛወረች። ቪዲዮው ከቻናሉ ወረደ፤ የቻናሉ ባለቤት ግን እስከ መጨረሻው አልታወቀም። አሁንም አንዳንድ ሰው ስልክ ላይ ይኖራል። ድሮ ይህን ሳስብ እንቅልፍ አጣ ነበር፤ አሁን እተኛለሁ። ይህም ለኔ ትልቅ መልስ ነው።

የቀረጸችኝ ልጅ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ደረጃ ላይ ጠብቃ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ያኔ «እሺ» ብቻ ብዬ አለፍኩ። ከልቤ ይቅር ለማለት ሌላ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ለእሷም እጸልያለሁ።

ያመለጠኝን ሚድ በሜክአፕ፣ በማካካሻ ፈተና፣ ተፈተንኩ። ከዩኒቨርሲቲው ልወጣ ለምኜ ነበር፤ አምላክ ከፍርሃቱ አወጣኝና እዚያው አቆየኝ። ያ የዊዝድሮዋል ፎርም ሳይፈረም ዳዊቴ ውስጥ፣ 54ኛው ላይ አለ።

እናቴ ጃንጥላውን ለኅዳር ጽዮን አስገባች። ያን ቀን ደውላ እልልታውን አሰማችኝ። ጓደኛዬ አጠገቤ ነበረች። «እስኪ ስልኩን ለዚያች ልጅ ስጫት» አለችኝ እናቴ። ሰጠኋት። እናቴ ምርቃት ከጀመረች ማቆሚያ የላትም። ጓደኛዬ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና «አሚን፣ አሚን፣ እማማ» ትላለች።